ስምንት ወር ደሴ ለተቀመጠው ወንድሜ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በየተራ ላኩልኝ። አንደኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ «አንብበህ ተናደድ» ብሎ ነው የላከው። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ናት፤ «እውነት እንደዚህ ነው እንዴ?» ትላለች። ሦስተኛው ጎረቤቴ ነው። እሱ ምንም አላለም፤ የሚስቅ ፊት ብቻ ነው የለጠፈበት።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ወጣት ነው። ለሥራ ከአዲስ አበባ ደሴ ሄዶ ስምንት ወር ተቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ወሎ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ያለውን ጻፈ። ወሎ የድርቅ አገር ነው ይላል። ሰዉ ግን ገራገር ነው፤ ሴቶቹ ቆንጆ ናቸው፤ ሃይማኖት እዚያ ጉዳይ አይደለም፤ ንግግራቸው ያስቃል፤ ጥያቄ ያበዛሉ፤ አከራይና ደላላ እንግዳ ሲያይ ዋጋ ይሰቅላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፈገግታው ሁሉ ከላይ ነው ብሎ ያርፈዋል። ስምንት ወር ሙሉ አንድ የልብ ወዳጅ አላፈራም። «መጤ እዚያ ምንጊዜም መጤ ነው» ይላል።

እኔም መጤ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ይኸው አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት በሐረጎ ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ያንኑ ዳገት እወጣለሁ። ስለዚህ የአገሬው ጠበቃ ሆኜ አይደለም የምጽፈው። ጠበቃ ቢፈልጉም ከእኔ የተሻለ አፍ ያለው ሞልቷል።

ወንድሜ፣ ሳንተዋወቅ «አንተ» ማለቴን እለፈኝ። በዕድሜ ታንሰኛለህ ብዬ ነው።

«ወሎ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣልህ ድርቅ ነው፤ ሄደህ ስታየው መሬቱም ያንኑ ይመስላል» ብለሃል።

የትኛው መሬት? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍናት ሰው ለሰው አይተያይም። ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትወርድ ኮምቦልቻ ነህ፤ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ወደ ምሥራቅ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትቀጥል ባቲ ትገባለህ፤ እዚያ ሸሚዙም ይከብድሃል። ሰኞ ገበያው ላይ ከአፋር ቆላ ግመል ነድቶ የመጣውና ከደጋው እህል ጭኖ የወረደው ይገናኛሉ። ወደ ላስታ ብትሄድ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ይኼ ሁሉ ወሎ ነው። ሐይቅ እንኳ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዘህ ሄደህ ከውሃው ዳር ብትቀመጥ ያን ዓረፍተ ነገር አትጽፈውም ነበር።

ረሃብ አልነበረም አልልህም። ነበር፣ ያውም ሁለት ጊዜ ዓለም ያወቀው። ግን የ66ቱን ረሃብ ሰማዩ ብቻውን አላመጣውም። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርቲያ ሴን የዚያን ጊዜውን መረጃ አገላብጦ ያገኘው ነገር ይገርማል። የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው። በሬውን ሸጦ፣ ዕቃውን ሸጦ፣ መጨረሻ ላይ የሚሸጠው ሲያልቅበት መንገድ ዳር ወጣ። መንግሥት ደግሞ ደበቀው። ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የዚያን ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። ረሃቡ ለሌላው የሥልጣን መሰላል ሆነ፤ ስሙ ግን ወሎ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

የ77ቱም እንደዚያው። ያኔ ደግሞ ከረሃቡ በኋላ ሰፈራው መጣ። በ1977 እና በ78 ወደ 600,000 ገደማ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ፤ አብዛኛው ከወሎ ነው። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከል። እኔ ከማውቃቸው ቤቶች ብዙዎቹ እዚያ የቀረ አጎት ወይም አክስት አላቸው። ስለ መጤነት ወሎዬን ልታስተምረው ስትነሣ ይህቺን ያዝልኝ።

በነገራችን ላይ፣ የውጫሌ ውል የተፈረመባት ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ናት። ምኒልክ ለዓድዋ የሚዘምተውን ጦር ከተህ ላግኝህ ያሉበት ወረኢሉም እዚሁ ነው። ሁለቱንም በትምህርት ቤት ሸምድጃለሁ፤ ግን የት እንደሆኑ እዚህ እስክመጣ አላውቅም ነበር። የረሃቡን ፎቶ ግን በልጅነቴ አውቀዋለሁ። አንተን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልህ።

ሴቶቹን በተመለከተ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥተሃል። እኔ ብዙ አልልም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ አለች። አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄደች ቁጥር ገና ስሟን ሳትናገር «የወሎ ልጅ ነሽ አይደል? ያስታውቃል» የሚል አይጠፋም። «ሪፖርቱን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለችኝ አንድ ቀን። የእሷ ሁለት እህቶች አረብ አገር ናቸው። ከዚህ አካባቢ ስንት ሴት ልጅ በዚያ መንገድ እንደወጣች ሰፈር ውስጥ ጠይቅ፤ በየቤቱ አለ። እነሱ ሠርተው በላኩት ብር ቆርቆሮ የለበሰውን ቤት አይተህ ስለ ዓይናቸው ትጽፋለህ። እንለፈው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ እንምጣ። «የወሎ ሰው በተፈጥሮው ገራገር ነው፤ ሙስሊምና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ይበላል ይጠጣል፤ ሃይማኖት እዚያ ጉዳይ አይደለም።»

ይህን ለማመስገን ነው የጻፍከው፤ ይገባኛል። ብዙ ሰው እንደ አንተ ያመሰግናል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ጋ እየደወልኩ እንደዚሁ ነበር የማወራው። ነገር ግን ገራገር የሚባለው ቃል ውስጥ አንድ ነገር አለ። ገራገር ማለት ሳያውቅ ደግ የሆነ ማለት ነው። እንደ ውሃው፣ እንደ አየሩ፣ ዝም ብሎ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስላል። እዚህ ያለው ሰው ግን የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቃል።

ከደሴ ትንሽ ወጣ ብላ ቦሩ ሜዳ አለች። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። አንዳንዱ ተጠመቀ፣ አንዳንዱ ተሰደደ። እንደ ሼኽ ጦልሃ ያለው ደግሞ እምቢ ብሎ ተዋጋ። ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር። ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላ ንጉሥ። ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ። ሰው ጠርተው የሚያበሉበት የግብር አዳራሻቸው ዛሬም ቆሟል፤ ስሙ አይጠየፍ ነው። እስቲ አስበው፤ አንድ አዳራሽ «አይጠየፍ» የሚል ስም የሚያስፈልገው መጠያየፍ በማይታወቅበት አገር ነው?

ይኼ ሕዝብ ተጣልቶ ያውቃል። ተገዶ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ነው አብሮ የሚኖርበትን ሥርዓት ያበጀው። ሥርዓቱን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ሲነሣ ነው ነገሩ። ባለቤቴም እንደ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሁለት በግ ገዛን፤ አንድ ክርስቲያን አራጅ አረደልን። ወጡ ተሠራ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰፈሩ ተጠራ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሁሉም መጡ። ስኳር ይዘው፣ ቡና ይዘው፣ ለልጁ ልብስ ይዘው። ተቀመጡ፣ መረቁ፣ ለስላሳ ጠጡ፣ ቡና ጠጡ። እኔ ሰሃን ይዤ እዞራለሁ፤ «አብሽር፣ ጠግበናል፣ አላህ ያሳድገው» ይሉኛል። እየሳቁ። ሰው ሁሉ ከቤቱ በልቶ መምጣቱ ገርሞኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጎረቤታችን ሐጃ ቤት ቡና እየጠጣን ነው። ሐጃ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት፤ የሰፈሩን ወሬም የሰፈሩን ሸክምም የምትችል። ድንገት ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ደስታህን ልንካፈል ብንመጣ በቡና ሸኘኸን» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሙስሊም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ክርስቲያንም እንደዚያው። ይህን ልጅ እያለሁም አውቀዋለሁ። ግን ወሎ ነዋ! ወሎ ውስጥ ይህ የለም ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ልጅ ጊዜ ነገሩን በደንቡ አደረግነው። ከሦስት ቀን በፊት አንዱን በግ ከነሕይወቱ ለሐጃ ሰጠኋት። ልጆቿ አረዱ። በራሷ ድስት፣ በራሷ ጭልፋ፣ በራሷ ምድጃ ሠርታ አመጣችው። የእኛ ወጥ በአንድ በኩል፣ የእነሱ በሌላ በኩል። አሳላፊው እንኳ ይለያል፤ ጭልፋ እንዳይደባለቅ ዓይኑን አይነቅልም። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ቀልዱም አንድ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተጎራረሱ ሳይሆን እየተቀላለዱ ይበላሉ። ሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ነው ሁለት ድስት የተጣደው። ወጪ አለው፣ ድካም አለው፣ ማሰብ ይጠይቃል። «በተፈጥሯቸው ነው» ስትል ይህን ሁሉ የሐጃን ልፋት ሰርዘህ ነው የምታመሰግናት።

አባቱ ሙስሊም እናቱ ክርስቲያን የሆነ ሰው መኖሩን ጽፈሃል፤ ልክ ነው፣ ብዙ አለ። አንድ ወንድም መውሊድ ለማክበር ጀማ ንጉሥ ሲሄድ ሌላው መስከረም 21 ግሸን ማርያም ይወጣል። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ገብተህ ብትቀመጥ ማን ምን እንደሚጾም፣ ማን በየትኛው ድስት እንደሚበላ፣ እናትየዋ በልቧ እንደ ካላንደር ይዛዋለች። ሲጣሉም ዝም ብሎ አይታለፍም። በአንዳንድ አካባቢ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ፤ ቦታው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሰው ሲገደል እንኳ ገብተው ደም ያደርቃሉ። አስታራቂ የሚያስፈልገው የሚጣላ ሰው ስላለ ነው። መላእክት ሰፈር አልገባህም ወንድሜ፤ ሰው መካከል ነው የገባኸው።

ስለ ንግግሩ «ኸየት ነህ» ሲሉ መሳቅህን ጽፈሃል። ሳቅ፤ እነሱም በእኛ ይስቃሉ። ግን ፊደል ገበታው ላይ «ኸ» የተቀመጠችው ለጌጥ አይደለም፤ ጥንት የተጻፈ አማርኛ ብታነብ ታገኛታለህ። ከእኔ አፍ የጠፋችው ከእነሱ አልጠፋችም። ለእኔ ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። ክርስቲያን ባልደረባዬ ነገሩን አምኜ እንድቀበለው ሲፈልግ «ወላሂ» ይላል። እኔም አሁን «አብሽር» ማለት ለምዶብኛል፤ ጉለሌ ስሄድ እህቴ ትቀልድብኛለች። ዘፈኑን ደግሞ «ሁሉም ዘፋኝ ነው» ብለህ ነው ያለፍከው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ተብለው በዚህ አገር ቦታ መጠራታቸውን ብትጠቅስ ምን ነበረበት?

ደላላና ኪራይ ላይ ልክ ነህ። እኔንም አቃጥለውኛል። የመጀመሪያው ቤቴ ሲከራይ ውሃ «ሁልጊዜ አለ» ተብዬ ነበር፤ ገብቼ ሳየው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተህ ባልዲ የምትደረድርበት። እዚህ ላይ አልከራከርህም። አዲስ አበባ ደላላ ደግ ነው ካላልክ በስተቀር።

ጥያቄ ማብዛታቸው። «ኸየት ነህ? የማን ልጅ ነህ? አግብተሃል? ቤተሰብህ የት ነው? እዚህ ማን አለህ?» እንደ ፖሊስ መረመሩኝ ብለሃል። እኔም ተናድጄ ነበር። አንድ ጊዜ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ እንደዚሁ ሲጠይቁኝ «ለምን ይፈልጉታል?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ብትታመም ለማን እንንገር?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ደሴ ውስጥ ብታመም የሚነገርለት ሰው በእርግጥም አልነበረኝም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዷ የመጨረሻዋ ናት፤ «እዚህ ማን አለህ?»። አንተም መልሰህላቸው ይሆናል፤ «ማንም» ብለህ። ያኔ የሚያዝኑልህ ፊት ትዝ አይልህም?

ወደ መጨረሻው ልምጣ። «ስምንት ወር ስኖር ቤቱ የጠራኝ ሰው ከሁለትና ሦስት አይበልጥም፤ እነሱም ኋላ ተዉኝ።»

ይህቺን ሳነብ ጽሑፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ነው።

ጎረቤት ልጇን ትልካለች፤ «ቡና ተፈልቷል፣ ኑ» ትላለች። እኔ ለወጉ ነው ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ ይዣለሁ» እላለሁ። ሁለተኛ ትልካለች። ሦስተኛ ትልካለች። ከዚያ በኋላ አትልክም። ተቀይማ አይደለም፤ ሰውዬው ብቻውን መሆን ይወዳል ብላ ነው። እኔ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ «የወሎ ሰው ወረተኛ ነው» እላለሁ። ቡናው ላይ ምን እንዳለ አላውቅማ! ማን እንደታመመ የሚሰማው እዚያ ነው። የትኛው ቤት ሊከራይ እንደሆነ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ፣ ለየትኛው ሐኪም እንደሚኬድ። ከአቦሉ በፊት ትልልቆቹ ሲመርቁ «አሚን» ትላለህ፤ የመረቁህን ሰዎች ማግሥቱን መንገድ ላይ ዝም ብለህ ማለፍ አትችልም። እኔ ይህን ሁሉ በ«ሥራ ይዣለሁ» ነበር የምመልሰው።

ሌላው ቅሬ ነው። ቅሬ አዲስ አበባ ዕድር የምንለው ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ወር ተመዘገብኩ፤ ብልህ ነኝ ብዬ። ወርሃዊውን በቀኑ እከፍላለሁ። ጥሩምባ ሲነፋ ግን የለሁም፤ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነኝ ወይም ደክሞኝ ተኝቻለሁ። የቀረሁበትን ቅጣት እከፍላለሁ፤ ምንም ሳላጉረመርም። ዓመት ሲሞላኝ የቅሬው ዳኛ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «እንደ አንተ ያለ ከፋይ የለንም፤ አላህ ይስጥህ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀጠሉ፤ «ብር አላነሰንም ልጄ። ትከሻ ነው የሚያንሰን።»

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ጥሩምባ ተነፋ። የሞቱት ሰውዬ ሙስሊም ናቸው፤ በሕይወታቸው አላውቃቸውም። ቃሬዛውን በየተራ ተሸከምን። እኔ የተሸከምኩት ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይሆናል። ሶላቱ ሲሰገድባቸው እኛ ክርስቲያኖቹ ጥግ ይዘን ቆምን። ቀብሩ ሲያልቅ አፈሩን መለስን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሆነና እነሱ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ጥግ ይዘው ቆመው ጠበቁን። ከዚያ እሑድ በፊት ሰፈሩ ውስጥ ስሜ «የአዲሳባው ልጅ» ነበር። ማግሥቱን ዳቦ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ በስሜ ጠራኝ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም።

አንተ ቅሬ ገብተህ ነበር? ጽሑፍህ ውስጥ ፈለግኩ፣ አጣሁ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ለቅሶ አልደረስክም። ልደርስ አልችልም ነበር፣ የማውቀው ሰው አልሞተም ትለኝ ይሆናል። እኔም የማውቀው ሰው አልነበረም የሞተው።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የእኛና የሐጃ ቤተሰብ በአንድ አይሱዙ ተጭነን አዲስ አበባ ገባን፤ ጉለሌ እናቴ ቤት። ዘጠኝ ሰው ሁለት ክፍል ውስጥ። አሁን መጤዋ ሐጃ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ፍራሽ ላይ ቁጭ ብላ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን እናቴን ከሰል ጠየቀቻት። ቡናውን ቆላች፣ አፈላች፣ ከዚያ የእህቴን ልጅ ጠርታ «ሂድ፣ ጎረቤቶቹን ቡና ተፈልቷል በላቸው» አለችው። ልጁ ግራ ገባው፤ የትኞቹን ጎረቤቶች? እናቴ ከአጥሩ ማዶ ካለችው ሴትዮ ጋር ስንት ዓመት ኖራ ቡና ጠጥታ አታውቅም። ሴትዮዋ መጣች። የእሷም ፊት ግራ የገባው ነበር። ሐጃ ስኒውን አቀበለቻትና «እዚህ ሰፈር ማን አለሽ?» ብላ ጀመረች።

እናቴና ያቺ ሴትዮ አሁን ወዳጅ ናቸው። ሐጃ ደሴ ከተመለሰች ቆየች፤ እነሱ ግን ቡናውን አልተዉትም።

መጤ ምንጊዜም መጤ ነው ላልከው እንግዲህ፣ ወሎ የሚለው ስም ራሱ መጤ ነበር። አገሩ ቀድሞ ቤተ አምሐራ፣ አንጎት እየተባለ ይጠራ ነበር። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የገቡት ኦሮሞዎች የጎሣቸውን ስም ይዘው መጡ፤ ወሎ። ወረኢሉ፣ ወረባቦ የሚሉት ስሞች «ወረ» የእነሱ ቃል ናት። ዛሬ ስሙን የሚጠራው ሁሉ፣ ኦሮምኛ የሚናገረውም የማይናገረውም፣ «ወሎዬ ነኝ» ይላል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የደግነታቸው ማስረጃ ብለህ የጻፍከው ታሪክ አለ። ዒድ ቀን የጎረቤት ልጅ ድፎ ዳቦ በሰሃን አድርጎ፣ በጨርቅ ሸፍኖ አመጣልህ። ዳቦውን በላህ፤ «ሰሃኑን አጥቤ በማግሥቱ መለስኩ» ብለሃል። ከዚያ በኋላ ልጁ ተመልሶ አልመጣም፤ ይኼ ገርሞሃል።

ባዶውን ነው የመለስከው?

ሰፈሩ እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው ብለሃል፤ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ለሥራ እንደገና ብትመጣ አንድ ኪሎ ስኳር ያዝና ያንን በር አንኳኳ። ምናልባት ስምህን አያስታውሱት ይሆናል። «ሰሃኑን የመለስኩት ልጅ ነኝ» በላቸው፤ ያውቁሃል።